ሕግ መማር ለሚፈልጉ የሰሜን ሸዋ ልጆች፦ እንዴት ይገባል? ተመርቆስ ምን ይሠራል?

በሰሜን ሸዋ ነገር አዋቂ ልጅ ሲገኝ ከአያቱ እስከ ጎረቤቱ «ይሄስ ጠበቃ ነው የሚወጣው» ይባልለታል። አገሩ በርስት፣ በድንበርና በውርስ ሲሟገት የኖረ ነው፤ «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚባለውም ከልብ ነው። ሕግ መማር እዚህ ክብር አለው። ዛሬ ግን ሕግ ትምህርት ቤት የሚያስገባው ውጤት ነው። ከተገባም በኋላ ከንግግሩ ይልቅ ንባቡና ጽሑፉ ይበዛል።

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ከመሐል ሜዳም፣ ከአለም ከተማም፣ ከአረርቲም የሚነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ስንት ያመጣ ሕግ ይገባል? ደብረ ብርሃን ይሻላል ወይስ አዲስ አበባ? ተመርቆ ሥራ አለ ወይ? ወላጅ አብዝቶ የሚጨነቀው ስለ መግቢያው ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ከዲግሪ እስከ ጥብቅና ፈቃድ ያለውን መንገድ አስቀድሞ ያወቀ ልጅ አምስቱን ዓመት በሌላ ዓይን ነው የሚማራቸው።

መግቢያው

ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ነው። ኩረጃው ሲቀር ውጤቱ ምን እንደሚመስል ሁላችንም አየን። በ2014 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ እየተሻሻለ ነው፤ ያም ሆኖ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው አሁንም ከግማሽ በታች ነው የሚያመጣው።

የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የሚፈተነው ስድስት ትምህርት ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ድምሩ ከ600 ይያዛል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስሉት። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ብቻቸውን 300 ናቸው፤ ግማሹ ማለት ነው። ሦስቱም በፈተና ሰሞን ተሸምድደው የሚያዙ አይደሉም። «እኔ ሶሻል ነኝ፣ ሒሳብ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብን የተወ ልጅ፣ ታሪክና ጂኦግራፊን የቱንም ያህል ቢያጠና ከባድ ሸክም ተሸክሞ ነው ፈተና የሚቀመጠው። ሕግ የሚመኝ የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ዛሬውኑ የሚያስፈልገው ሒሳቡን አለመጣልና በእንግሊዝኛ ረጅም ጽሑፍ ማንበብን መልመድ ነው። አፕቲትዩድ ደግሞ አንብቦ የመረዳት፣ ከተሰጠው ነገር ተነስቶ የመደምደምና ጊዜ የመቆጠብ ፈተና ነው፤ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በሰዓት እየያዙ መሥራት ይረዳል።

«ስንት ያመጣ ሕግ ይገባል?» ለሚለው ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም፤ የሌለበትም ምክንያት አለው። ምደባው ሁለት ጊዜ ነው የሚካሄደው። መጀመሪያ ትምህርት ሚኒስቴር በውጤትና በምርጫ ተማሪውን ዩኒቨርሲቲ ይመድበዋል። ተማሪው ግቢ ሲገባ ግን የሕግ ተማሪ አይደለም፤ ፍሬሽማን ነው፤ ገና ትምህርት ክፍል ያልተመደበ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ በተመለሰው የፍሬሽማን ፕሮግራም ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊና ታሪክ፣ ሒሳብና የመሳሰሉትን ይማራል። ዲፓርትመንት የሚደርሰው ከዚያ ነው፤ ያኔ የፍሬሽማን ጂፒኤው ከ12ኛ ክፍል ውጤቱ ጋር ተዳምሮ ይታያል። ለሴት ተማሪዎችና ለአካል ጉዳተኞች የድጋፍ ነጥብ ይታሰባል። የሁለቱ ውጤቶች ድርሻ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዴም ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ በገባችሁበት ሳምንት ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ።

ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚወድቀው በዚህ መካከል ነው። ከላሎ ማማ ወይም ከግሼ ተነስቶ፣ በስንት መከራ 12ኛን አልፎ ግቢ የገባ ልጅ «አሁንስ አረፍኩ» ይላል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካፌና ዶርም ሲለምድ፣ ከጓደኛ ጋር ሲዞር ያልቅበታል። የሕግ ወንበር ግን ጥቂት ነው፤ ፈላጊው ብዙ። ያች ሴሚስተር የተበላሸችበት ልጅ በ12ኛ ክፍል ከእሱ ያነሰ ውጤት ያመጣው ሲቀድመው ያያል። ለወላጆች የምለምነው፣ ልጁ ግቢ ከገባ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ወራት እንደ ፈተና ዝግጅት ቁጠሩለት። ገንዘብም ከቻላችሁ ያኔ ላኩለት፤ ማስታወሻ ኮፒ ማድረጊያ ያጣ ልጅ ብዙ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። እዚያ መማር የሚፈልግ ልጅ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ብቻ ይዞ ሳይጠብቅ የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ መከታተል አለበት፤ የምዝገባው ቀን ካለፈ አለፈ ነው።

የቱ ይሻላል?

የአዲስ አበባው የሕግ ትምህርት ቤት በ1956 ዓ.ም የተከፈተ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ቤተ መጻሕፍቱም፣ የቀድሞ ተማሪዎቹም ስም ይጠቅማል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት የአምስት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት በመሠረቱ አንድ ነው፤ የመውጫ ፈተናውም አንድ ነው። የደብረ ብርሃን፣ የባሕር ዳር፣ የጎንደር፣ የወሎ ተማሪ የሚፈተነው አንድ ዓይነት ፈተና ነው።

ደብረ ብርሃን ለደረሰው ልጅ አንድ ነገር ልጠቁም። ከተማው የዞን መቀመጫ ነው። የወረዳ ፍርድ ቤት፣ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፍትሕ መምሪያው፣ የጠበቆች ቢሮዎች ሁሉ እዚያው ናቸው። ችሎት ደግሞ በመርህ ለሕዝብ ክፍት ነው። በሳምንት አንድ ጠዋት ችሎት ገብቶ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ተማሪ፣ ዳኛው ምን እንደሚጠይቅ፣ ምስክር በምን በምን እንደሚፈተን፣ ጠበቃው የቱ ላይ እንደሚሰናከል በዓይኑ ያያል። ይህን የሚያደርጉ ተማሪዎች ጥቂት መሆናቸው ያሳዝነኛል፤ ክፍያ የለውም፣ ፈቃድም አይጠይቅም።

አምስቱ ዓመት ውስጥ ምን አለ?

የሕግ ትምህርት አንቀጽ መሸምደድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ 3367 ቁጥሮች አሉት፤ ማንም ሸምድዶ አይጨርሰውም። የሚማሩት የቱ ሕግ የቱ ላይ እንደሚሠራ ለይቶ ማግኘትን ነው። አንድ ጉዳይ በቅርበት እንይ።

የሞረትና ጅሩ ገበሬ ናቸው እንበል። በእርጅናቸው የጦረቻቸው የእህታቸው ልጅ ናት፤ መሬታቸውን በስጦታ ሰጧት። ወረቀቱ በሽማግሌ ፊት ተጻፈ፣ አውራ ጣት ተደረገበት፣ ወረዳ ግን አልተመዘገበም። አጎትየው ሲያርፉ ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጥቶ «የአባቴ መሬት ውርሴ ነው» አለ። ልጅቷም ወረቀቷን ይዛ መጣች።

ያልተማረ ሰው «ጦራዋለች፣ ይገባታል» ወይም «የአብራኩ ክፋይ እያለ!» ይላል። የሕግ ተማሪ የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ ስለ ቤትና ስለ መኪና የሚሠራው የባለቤትነት ደንብ በቀጥታ እዚህ አይገለበጥም፤ የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 መታየት አለበት። አዋጁ ስለ ስጦታ ምን ዓይነት ጽሑፍና ምዝገባ ይጠይቃል? ያልተመዘገበ ስጦታ ምን ዋጋ አለው? የይዞታ ደብተሩ በማን ስም ነው? ልጅቷ ከእሳቸው ጋር በቋሚነት ኖራ በእሳቸው ኑሮ የምትተዳደር ከነበረች፣ ሕጉ የቤተሰብ አባል የሚላት ናት ወይስ አይደለችም? ልጁስ በግብርና ይተዳደራል? እያንዳንዱ ጥያቄ የሚመለሰው በማስረጃ ነው። ከዚያ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ፍርዶች ላይ ያለን የሕግ ስሕተት የሚያርመው ችሎት፣ በተመሳሳይ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ይፈለጋል፤ በ1997 ዓ.ም በአዋጅ 454 ከተደነገገ ወዲህ፣ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። በመጨረሻም ክሱ ይጻፋል፤ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 የተዘረዘረውን አሟልቶ፣ በቁጥር 223 መሠረት የማስረጃ ዝርዝር አያይዞ።

ሕግ መማር ማለት ይሄው ነው። ይህን በትዕግሥት መሥራት የሚወድ ልጅ ሕግ ይሆነዋል። ክርክርን ብቻ የሚወድ ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ ይሰለቻል።

አሁን ሳይነገር ወደሚታለፍ ችግር ልምጣ፤ የቋንቋው ጉዳይ ነው። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ሞጁሉ፣ ፈተናው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ተመርቆ የሚሠራበት የወረዳ ፍርድ ቤት ግን ክሱ፣ መልሱ፣ ምስክሩ፣ ፍርዱ ሁሉ በአማርኛ ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ሕጎችን በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ያትማል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው፤ ይህ በ1987ቱ አዋጅ ቁጥር 3 ተደንግጓል። በእንግሊዝኛው ብቻ ያጠና ተማሪ ሲመረቅ «ይርጋ»ን፣ «መቃወሚያ»ን፣ «ጣልቃ ገብ»ን ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲማር ይገኛል። የሰበር ውሳኔዎቹ ቅጾች የታተሙት በአማርኛ ነው። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በሳምንት አንድ ውሳኔ አንብቦ፣ ፍሬ ነገሩን፣ ጭብጡንና የችሎቱን ምክንያት በራሱ አማርኛ በአንድ ገጽ የሚጽፍ ልጅ፣ ሲመረቅ ከእኩዮቹ ብዙ ርቆ ይገኛል። ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም።

በመጨረሻው ዓመት ኤክስተርንሺፕ አለ፤ ተማሪው ፍርድ ቤት ወይም ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ተመድቦ ሥራውን ያያል። ሙት ኮርትም፣ ማለትም የልምምድ ችሎት ክርክርም አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አቅም ለሌለው ሰው ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት ስላሏቸው፣ እዚያ በፈቃደኝነት መሥራት ከሁሉ ይበልጣል። ከባሶና ወራና በእግሯ የመጣች እናት ነገሯን ከልጅነቷ ጀምራ ስትነግራችሁ፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለችሎት የሚጠቅመውን ሳታስቀይሟት ለይቶ ማውጣት በክፍል ውስጥ አይገኝም።

ተመርቆስ?

የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ነው። ለሌሎች የትምህርት ዘርፎች በ2015 ዓ.ም ሲጀመር፣ ለሕግ ተማሪዎች ከዓመታት በፊት የታወቀ ነበር። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ያላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም። ካለፈ በኋላ ቴምፖው፣ ማለትም ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃው ይሰጠዋል፤ ኦሪጅናሉ ከኮስት ሼሪንጉ፣ ማለትም ከትምህርት ወጪ መጋራቱ ውል ጋር የተያያዘ ስለሆነ በየዓመቱ የፈረማችሁትን ውል ቅጂ አትጣሉ።

ቀጥሎ የሥራ ፍለጋው ይመጣል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ለሕግ ምሩቅ በብዛት የሚወጣው ከመንግሥት ነው። በዞናችን በየወረዳው ፍርድ ቤትና ፍትሕ ጽሕፈት ቤት አለ። ዐቃቤ ሕግ የሚቀጠረው በፍትሕ ቢሮው በኩል ነው፤ የወንጀል መዝገብ ይመረምራል፣ ክስ ይመሠርታል፣ የመንግሥትን የፍትሐ ብሔር ጉዳይም ይከራከራል። ዳኝነት ከዚህ ይለያል። የዳኞች ጉባኤ አጣርቶ ያቀርባል፤ የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ባሕር ዳር ያለው የክልሉ የፍትሕ ባለሙያዎች ማሠልጠኛና የሕግ ምርምር ኢንስቲትዩት ለሁለቱም ሙያ ሥልጠና ይሰጣል።

ደመወዙን በተመለከተ እውነቱ ይነገር። ለጀማሪ ዐቃቤ ሕግም ሆነ ለወረዳ ዳኛ የሚከፈለው ከኑሮው ውድነት ጋር አይመጣጠንም። ምደባው ቆላም ደጋም ሊሆን ይችላል፤ ባለፉት ዓመታት በነበረው የሰላም እጦትም በየወረዳው የሚሠሩ የፍትሕ ባለሙያዎች የከፈሉት ዋጋ ቀላል አይደለም። ይህን ሳይሰማ የሚገባ ልጅ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። በሌላ በኩል በሁለት ዓመት ውስጥ የሚታየው የመዝገብ ብዛትና ዓይነት በአዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የዓመታት ሥራ ነው። ግድያ፣ ፍቺ፣ ድንበር መግፋት፣ የብድር ውል፣ የልጅ ቀለብ፣ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ያልፋል።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጭ ያለው በር ነገረ ፈጅነት፣ ማለትም ተቀጥሮ የድርጅትን የሕግ ጉዳይ መያዝ ነው። ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ የውኃና የመብራት ድርጅቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሕግ ክፍል አላቸው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ብቻ የነበረበት ዘመን አልፏል፤ ቢራ ፋብሪካዎች፣ ኢንዱስትሪ ፓርክና ሌሎችም ብዙ ፋብሪካዎች አሉ። ሠራተኛ በበዛበት የሥራ ክርክር ይበዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን፣ የግብር ሕግንና የ2013ቱን አዲስ የንግድ ሕግ ጠንቅቆ የያዘ ምሩቅ በከተማው ውስጥ ተፈላጊ ነው። ልጆቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በወንጀል ላይ ነው፤ ምክንያቱም በፊልም የሚታየው እሱ ነው። እነዚህ የሥራና የንግድ ሕጎች የበለጠ እንጀራ እንዳላቸው በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

አሁን ጥብቅና። ዲግሪ ብቻውን ችሎት ፊት አያቆምም። ለሌላ ሰው በክፍያ ለመከራከር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱም ዲግሪ፣ የሥራ ልምድና ፈተና ይጠየቃል። በክልል ፍርድ ቤቶች ለመቆም የክልሉ ፍትሕ ቢሮ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም ፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ይሰጣል። የፌዴራሉ የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሁለት ነገር ለውጧል፦ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን በሕግ አቋቁሟል፤ ጠበቆችም ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲመሠርቱ ፈቅዷል። ለጀማሪ ሁለተኛው ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ ጠበቃ ብቻውን ስለሚሠራ ጀማሪ የሚያስጠጋ አይገኝም ነበር፤ አሁን ድርጅቶቹ ጥናት የሚያጠና፣ ውል የሚያረቅ ወጣት ባለሙያ ይቀጥራሉ። አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ።

የደብረ ብርሃን ጠበቃ በትንሽ ጉዳይ ብቻ የሚወሰን አይምሰላችሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ይሠራል፤ ስለዚህ የፌዴራል ጉዳዮች እዚያው ከተማው ውስጥ ይሰማሉ።

ልምዱ ለፈቃድ የሚቆጠረው በማስረጃ ነው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የሥራ መደቡ ስም፣ የጀመራችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን በትክክል የተጻፈበት የሥራ ልምድ ወረቀት ከየመሥሪያ ቤቱ ሳትወጡ ተቀበሉ። የመደቡ ስም «የሕግ ባለሙያ» ካልሆነ የምትሠሩት ሥራ ዝርዝር እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። የመሥሪያ ቤት አደረጃጀት ሲቀየር ማኅደር ሲጠፋ ታይቷል።

ሕግ በመደበኛው ያልደረሳቸውም አሉ። የማታና የቅዳሜና እሑድ ትምህርት በመንግሥትም በግል ተቋማትም ይሰጣል፤ የመውጫ ፈተናው ለእነሱም ያው ነው። በሌላ ሙያ ተመርቀው፣ በተለይ በአካውንቲንግ ወይም በመሬት አስተዳደር፣ ከዚያ የሕግን የመጀመሪያ ዲግሪ የሚጨምሩ ሰዎች በሥራ ገበያው ላይ በጣም ጠንካራ ናቸው። የግል ኮሌጅ ከሆነ ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠውን ዕውቅና አሳዩን በሉ። የኮሌጁ ስም ዕውቅና ማግኘቱ አይበቃም፤ ዕውቅናው የሕግ ፕሮግራሙን፣ ለዚያው ካምፓስና ለዚያው የማታ ወይም የቀን መርሐ ግብር የሚጠቅስ መሆን አለበት። ቀኑ ያላለፈበት መሆኑንም እዩ።